ጥቁሯ ቅንጣት፤ ከጎንደር ማይክሮስኮፕ እስከ ላይፕዚግ አልማዝ

ስለ ጎንደር ብርድ፣ ስለ ዶርም ጨዋታና ስለ ፈተና ሌሊቶች በዚህ መጽሔት የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የአንዲት ጥቁር ቅንጣት ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በላቦራቶሪ አንዱን ማይክሮስኮፕ ለአምስት ተራ እየጠበቅን ስናይ፣ በቀይ የደም ሕዋስ መሀል ጠቆር ብላ የምትታየው ነጥብ ናት። ከመካከላችን አንዱ “ቆሻሻ ነው” ሲል መምህራችን ፈገግ ብለው “ቆሻሻስ ቆሻሻ ነው፤ ግን የማን ቆሻሻ?” አሉት። የወባ ተሕዋሲ የምግብ ትራፊ መሆኗን ያን ዕለት ተማርን፤ ለፈተና ሸመደድናት፤ ከዚያ ረሳናት።

እኔን ያስታወሰኝ ከሚሴ ነው። ታሪኩን ከዚያ ልጀምርና ወደ ኋላ ልመለስ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ መስመር ብቻ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከአጠገቧ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊው የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ አለ፤ በበጋ አርብቶ አደሩ ከአፋር በኩል ጭምር ከብቱን ይዞ ይወርድበታል። ለከብት ሣር፣ ለሰው ደግሞ ትንኝ የሚያበቅል ምድር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የተመላላሽ ክፍላችን በትኩሳት ይሞላል። ሰዉ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀለ ነው የሚያወራው፤ አንዱ “ወባ” ሲል ሌላው “ቡሳ” ይላል፤ በዕድሜ የገፉት ደግሞ “ንዳድ” ይሉታል።

በአንድ የኅዳር ማለዳ አንዲት አያት የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከጨፋ በኩል መጡ። ልጁ ካተኮሰው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቀድመው ከሄዱበት ቦታ የተሰጣቸው ወረቀት በእጃቸው አለ፤ አርዲቲ ኔጌቲቭ፣ ሲሮፕ ታዞለታል። እኛም ደገምነው። አንድ መስመር ብቻ፤ ኔጌቲቭ።

“ልጄ፣ ይሄ ቡሳ ነው። ስንቱን ቀብሬበታለሁ፤ እኔ አላጣውም” አሉኝ።

“እማማ፣ መመርመሪያው እኮ የለም ይላል” አልኳቸው።

“መመርመሪያው ልጅ አሳድጎ ያውቃል?”

እንደ አጋጣሚ ያን ዕለት መብራት ነበረ። የላቦራቶሪው ልጅ ስላይድ ሠራ፤ ቆየት ብሎ በሩን ገፋ አድርጎ “ዶክተር፣ እስቲ ይምጡና ይዩት” አለኝ። ቀለበቶቹ ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ በፊት ዓይኔ ያረፈው ግን በአንድ ነጭ የደም ሕዋስ ሆድ ውስጥ በተቀመጠችው ጥቁር ቅንጣት ላይ ነው። ፋልሲፓረም ነበር። ልጁ መድኃኒቱን ጀመረ፤ ዳነም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስለዚያ መብራት አስባለሁ። ባይኖርስ ኖሮ?

መመርመሪያው ለምን ሳተ? የከሚሴ ሙቀት አበላሽቶት ይሁን ወይ ሌላ ምክንያት ይኑረው፣ ያኔ የምናጣራበት መንገድ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ግን የዚያችን ቅንጣት ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ ንባቡም ሳላስበው ወደ ትምህርት ቤታችን መለሰኝ።

ቅንጣቷ መንገድ ስትመራ

ሐኪሞች ተሕዋሲውን ከማወቃቸው በፊት ያወቁት ቅንጣቷን ነው። በ1847 ሜክል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአንድ የአእምሮ ሕመምተኛ አስከሬን ደምና ጣፊያ ውስጥ ጥቁር ፍሬዎች አየ። ምንነታቸውን አላወቀም። ከሦስት ዐሠርት ዓመታት በኋላ የፈረንሳይ ጦር ሐኪም የነበረው ላቬራን፣ አልጄሪያ ውስጥ በኮንስታንቲን ከተማ፣ ያንኑ ጥቁር ቀለም ሲከታተል ከሬሳ ወደ ሕያው ሰው ደም ተሻገረ። ኖቬምበር 6 ቀን 1880 ጥቁር ፍሬ የያዘ አንድ ክብ ነገር እንደ ጅራፍ የሚወራጩ ክሮች ሲያወጣ አየ። የወባ ተሕዋሲ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወት ታየ ማለት ነው።

ሮናልድ ሮስም እንዲሁ። በሕንድ፣ በሴኩንደራባድ፣ ኦገስት 20 ቀን 1897 የትንኟን ጨጓራ ገልብጦ ሲያይ፣ በጨጓራው ግድግዳ ላይ ካሉት ሕዋሳት ጥቂቶቹ ያንን የሚያውቀውን ጥቁር ፍሬ ይዘው አገኛቸው። ፍሬዋ ባትኖር ኖሮ የትንኝ ሥጋ ነው ብሎ ያልፋቸው ነበር። ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ የታወቀው በዚህች ምልክት ነው። ሮስ በ1902፣ ላቬራን በ1907 ኖቤል ተሸለሙ። ቅንጣቷ ግን ምስክርነቷን ሰጥታ ወደ ጥግ ሄደች።

ትምህርት ቤታችንና ወባ

የእኛ ትምህርት ቤት ራሱ የወባ ልጅ ነው ብል አላጋነንኩም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደምቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛው በ1954 ጎንደር ላይ ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በቡድን ወጥተው የሚዘምቱበት ጠላት ከግቢው ወጣ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። በዚያው ዐሠርት ዓመት በደምቢያ፣ በወሎም በቆቦ ጨርጨር፣ የወባ መቆጣጠሪያ የሙከራ ፕሮጀክቶች ተጀመሩ።

ከዚያ 1958 መጣ። ወባ ደጋ ወጣች። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሽታውን የማያውቀው፣ ስለዚህም በሰውነቱ መከላከያ ያልነበረው ሕዝብ ተመታ። በጊዜው በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ። በማግሥቱ፣ በ1959፣ ሕዝቡ “ወባ ማጥፊያ” እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የዲዲቲ መርጫ በጀርባቸው አዝለው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሰዎች የከሚሴ ሽማግሌዎች ዛሬም ያስታውሳሉ።

በ1978 ደግሞ የሕክምና ዶክትሬት ትምህርት በጎንደር ተጀመረ። አጋራችን በምሥራቅ ጀርመን፣ በላይፕዚግ ከተማ የነበረው ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቀዳሚዎቹ ምሩቃን መካከል ጀርመኖቹን መምህራን የሚያስታውሱ ዛሬም ፋኩልቲው ውስጥ አሉ። እኛ ኋላ የመጣነው ታሪካቸውን ከእነሱ ነው የሰማነው። ይህችን የላይፕዚግን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቅንጣቷ ከምን ተሠራች

ተሕዋሲው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ይበላል። ፕሮቲኑን ይፈጨዋል፤ ብረት ያዘለው ሂም ግን ለራሱ መርዝ ይሆንበታል። ሊጥለው አይችልም፣ ሊተወውም አይችልም። ስለዚህ እየደረደረ ክሪስታል ያደርገዋል፤ ሄሞዞይን የምንለው ይህ ነው። ክሎሮኪን የሚገድለውም ይህንን ድርደራ አሰናክሎ፣ ተሕዋሲውን በገዛ ትራፊው በመመረዝ ነው።

አሁን ለሐኪም የማይታየውን ነገር ልጨምር። ኦክስጅን በያዘ ጤነኛ ደም ውስጥ ያለው ብረት ማግኔት አይስበውም። በሄሞዞይን ውስጥ ያለው ብረት ግን ተለውጧል፤ ማግኔት በደካማው ይስበዋል። ስለዚህ በወባ የተያዘ ሕዋስ፣ ጥገኛው ካደገ በኋላ፣ በጤነኞቹ መሀል ኢምንት የብረት ፍርፋሪ ኪሱ የከተተ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ፈታሽ ካለ ይያዛል።

ይህ ለምን አስፈለገን? አርዲቲያችን ምን እንደሚፈልግ እናስታውስ። በብዛት ስንጠቀምባቸው የቆዩት ዓይነቶች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን ኤችአርፒ ቱ የተባለ ፕሮቲን ነው። የምናያት ቀይ መስመር የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ናት፤ ጨፋ ሜዳ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በወርቅ ነው የምትመረምረው ብላችሁ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ተሕዋሲው ያለ ኤችአርፒ ቱ መኖር ይችላል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 እና 2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች ድንበር አካባቢ ባሉ ወረዳዎች 12,572 ሰዎችን መረመሩ። በ2021 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ በኤችአርፒ ቱ ላይ ብቻ የተመሠረተ መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑትን ሊስት ይችላል፤ ምክንያቱም ተሕዋሲው ጂኑን ጥሏል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ቀይሩ የሚለው ስሕተቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ጥናቱ ከሚሴን አልጨመረም። ትንኝና ተጓዥ ግን የወረዳ ወሰን አያውቁም።

ነገሩን አስተውሉት። መመርመሪያ የሚይዛቸው እየታከሙ ይጠፋሉ፤ የማይዛቸው ይራባሉ። ፈላጊው ራሱ ተደባቂውን ይመርጥለታል። ኤችአርፒ ቱን መጣል ቀላል ነው። ሄሞዞይንን ግን? ደም እየበላ የሚኖር ፍጡር የደሙን ብረት የት ይጥለዋል?

የአልማዙ ጉድለት

እዚህ ላይ ነው ላይፕዚግ የምትመለሰው። አልማዝ ለኛ የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ስም ነው፤ ለኬሚስት ደግሞ በሥርዓት የተደረደረ ካርቦን ነው። አንዳንዴ በድርድሩ ውስጥ በአንድ ካርቦን ቦታ ናይትሮጅን ይገባል፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ ይቀራል። ጌጥ ሻጭ እንከን የሚለው ይህ ጉድለት አስደናቂ ጠባይ አለው። አረንጓዴ የሌዘር ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ይመልሳል። 2.87 ጊጋኸርዝ የሆነ ማይክሮዌቭ ሲደርሰው ቀዩ ብርሃን ይደበዝዛል። በአጠገቡ ማግኔት ካለ ደግሞ የሚደበዝዝበት ቁጥር ከ2.87 ወደ ላይና ወደ ታች ይሸሻል። ምን ያህል እንደሸሸ አይቶ የማግኔቱን ኃይል ማስላት ነው። የአቶም ያህል ኮምፓስ፣ መልሱን በብርሃን የሚናገር! ይህ ሁሉ በተራ ክፍል ሙቀት ይሠራል፤ እንደ ኤምአርአይ ማሽን በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አያስፈልገውም።

የዚህ ጉድለት አንድ ነጠላ ምሳሌ ብቻውን ተለይቶ የታየው በ1997 በኬምኒትስ ከተማ ነው። ኬምኒትስ ከላይፕዚግ ብዙም አትርቅም፤ ከ1953 እስከ 1990 ስሟ ካርል ማርክስ ሽታት ነበር። የላይፕዚጉ ዩኒቨርሲቲም በዚያው በ1953 ካርል ማርክስ ተብሎ በ1991 ስሙን ተወ። የእኛን የሕክምና ትምህርት ያቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በፊዚክስ ክፍሉ፣ በፕሮፌሰር ያን ማየር ቡድን፣ የናይትሮጅን አቶሞችን ወደ አልማዝ እየተኮሰ በፈለገው ቦታ እነዚህን ጉድለቶች ይተክላል። ከተተኮሰ በኋላ አልማዙ በከፍተኛ ሙቀት ይጋላል፤ ባዶ ቦታዎቹ ይንቀሳቀሱና ከናይትሮጅኑ ጎን ይሰፍራሉ። እኛን ስቴቶስኮፕ ያስያዘን ቤት አሁን አቶም እየተከለ ነው።

በ2008 ሃርቫርድና ሽቱትጋርት የሚገኙ ሁለት ቡድኖች እንዲህ ያለ አንድ ጉድለት ደካማ ማግኔትን በናኖ ሜትር ርቀት መለካት እንደሚችል በአንድ ሰሞን አሳዩ። ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ 7,000 ናኖ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ለምን ይህን ያህል መጠጋት አስፈለገ? የአንድ ኢምንት ማግኔት ኃይል ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ስምንት እጅ ስለሚያንስ ነው። ሹክሹክታን ለመስማት ጆሮን ከአፍ ማስጠጋት እንደማለት ነው። ስለዚህ በ2012 ሌላ የሃርቫርድ ቡድን ጉድለቱን በሾለ የአልማዝ ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ማየት የተሳነው ሰው በጣቱ ፊደል እንደሚያነብ፣ ጫፉን በገጽታ ላይ እያስኬደ የማግኔት ካርታ አነሣ። ሌላው መንገድ ደግሞ ጉድለቶቹን በጠፍጣፋ አልማዝ ገጽ ሥር ደርድሮ፣ የሚመረመረውን ነገር ከላዩ አስቀምጦ ማየት ነው።

ቅንጣቷ አልማዝ ላይ ስትቀመጥ

በ2019 በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁለተኛው መንገድ ያንኑ የላቬራንን ጥቁር ፍሬ አልማዝ ላይ አስቀመጡት። በፋልሲፓረም ከተያዘ የሰው ደም የወጡና በላቦራቶሪ የተሠሩ ከ100 በላይ የሄሞዞይን ክሪስታሎችን አንድ በአንድ ለኩ። 96 በመቶዎቹ እንደተጠበቀው ደካማ ማግኔቶች ሆኑ፤ የውጭው ማግኔት በጨመረ ቁጥር የእነሱም ይጨምራል። ጥቂቶቹ ግን፣ ከተሕዋሲው ከተገኙት 82 ውስጥ 4ቱ፣ የተለየ ጠባይ አሳዩ፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ የሚጠግቡ ሆኑ። በጅምላ ሲለካ የማይታይ ልዩነት በነጠላ ሲለካ ታየ። ሜክል በ1847 ያያት ጥቁር ፍሬ ከ172 ዓመት በኋላ እያንዳንዷ የራሷ ጠባይ ያላት ሆና ተገኘች። ተመራማሪዎቹ ቀጣይ ያሉት ሕያው ተሕዋሲ ቅንጣቷን ሲሠራና መድኃኒት ሲያሰናክለው በዚሁ መንገድ መከታተልን ነው። ለመድኃኒት መላመድ ጥናት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሐኪም ነኝና ማጋነን አልፈልግም። ይህ መሣሪያ ነገ ከሚሴ አይገባም፤ ዛሬ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር ነው። ቅንጣቷም የራሷ ገደብ አላት። በለጋው የቀለበት ዕድሜ ተሕዋሲው ገና ስላልበላ ሄሞዞይኑ ኢምንት ነው፤ ያደገው ፋልሲፓረም ደግሞ በውስጥ አካላት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጣብቆ ይደበቃል። ከታከመ ሰው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥም ቅንጣቷ ለጊዜው ትቆያለች። ስለዚህ “ብረት አለ” ማለት ብቻውን “ሕያው ተሕዋሲ አለ” ማለት አይደለም።

ለጤና ጣቢያ ቀረብ የሚለው ሌላኛው ቅርንጫፍ ነው። በ2020 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመራ ቡድን በወረቀት መመርመሪያ ላይ ወርቁን በናኖ አልማዝ ተካው። ወረቀቱ ራሱ ስለሚያበራ ደካማ ምልክት ይዋጣል፤ የአልማዙን ብርሃን ግን በማይክሮዌቭ ብልጭ ድርግም ማሰኘት ይቻላል፤ ብልጭ የሚለውን ብቻ መምረጥ ነው። በሙከራው ከወርቁ 100,000 እጥፍ የበለጠ ስሜት እንዳለው ዘገቡ፤ ከአጭር የማባዛት ሂደት ጋር የኤችአይቪን ዘረመል በነጠላ ቅጂ ደረጃ መለየት ችለዋል። ይህም ቢሆን የሚፈልገውን ነገር በትክክል ካልመረጥንለት እንደ ወርቁ ይታለላል። አልማዝም ቢሆን በጠየቁት ነው የሚመልሰው።

ለምን ለእናንተ ጻፍኩት

ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ድል አደረግነው ስንል የነበረ በሽታ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሳየው የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ቅንጣቷ በተራ ማይክሮስኮፕ 170 ዓመት ሙሉ ስትታይ ኖራለች። እኛ ግን ፈጣን መመርመሪያ ሲመጣ ዓይናችንን ከማይክሮስኮፑ ላይ አነሣን፤ ብዙ ቦታ ስላይድ ማንበብ የሚችል እጅ እየሳሳ ነው። አልማዙ መጥቶ ቅንጣቷን አንድ በአንድ ሲያነብ፣ እኛ በደህናው ዓይናችን ማንበብ ረስተናት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ በዘንድሮው መገናኛችን ሁለት ነገር እለምናለሁ። ፋኩልቲ ውስጥ ያላችሁ፣ ተማሪው ስላይድ ሳያነብ አይመረቅ፤ “ቆሻሻ ነው” ያለውንም “የማን ቆሻሻ?” በሉት። ሁለተኛ፣ የፊዚክስና የሕክምና ክፍሎቻችን አንድ ሻይ አብረው ይጠጡ። የላይፕዚግ ዝምድናችን በስቴቶስኮፕ ዘመን የተጀመረ ነው፤ በአልማዝ ዘመን የምንጠይቀው አዲስ ጥያቄ አለን። ደምቢያ፣ ጨፋና ጋምቤላ ያለው ደም ከኒው ሜክሲኮው ጠረጴዛ ደም ይለይ እንደሆን ከእኛ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የለም።

ያቺ አያት ከሳምንት በኋላ ልጁን ለክትትል አምጥተውት ነበር። “አላልኩሽም?” አሉኝ። ብለውኛል። ስላይዷን ግን አልጣልኳትም፤ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናት። ለመገናኛው ስመጣ ይዣት እመጣለሁ፤ ማይክሮስኮፕ አዘጋጁልኝ።